ከባድ ክሩዘር ኩዊንሲ፦ ከመራራ ሐይቅ በፊትና በኋላ

የመክፈቻ ጽሑፍ

በእኛ አገር ሰው ዘንድ ኩዊንሲ የተባለችው የአሜሪካ ከባድ ክሩዘር (ፈጣንና በመድፍ የታጠቀች ትልቅ የጦር መርከብ) የምትታወቀው በአንድ ቀን ነው። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋር የተገናኙት በግብፅ፣ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ መልሕቅ በጣለችው በዚህች መርከብ ላይ ነበር። የዚያን ዕለት ፎቶግራፎች እስከ ዛሬ ከገጽ ወደ ገጽ ይዘዋወራሉ፤ ከሥራቸው የሚጻፈው ሐተታ ግን ስለ መሪዎቹ ብቻ ስለሆነ መርከቧ እንደ እንግዳ መቀበያ አዳራሽ ተቆጥራ ትታለፋለች።

እኔ በዚህ አልስማማም። ኩዊንሲ ከዚያ ቀን ስምንት ወር ቀደም ብሎ በኖርማንዲ ዳርቻ መድፍ ስትተኩስ ነበር፤ ከዚያ ቀን ሁለት ወር በኋላ ደግሞ በኦኪናዋ አቅራቢያ ውጊያ ላይ ነበረች። የተሠራችው በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በኩዊንሲ ከተማ፣ በቤተልሔም ስቲል የመርከብ ማነጫ ነው። ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያልተባለበት ቀን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 1941 ግንባታዋ ተጀመረ፤ ሰኔ 23 ቀን 1943 ወደ ባሕር ወረደች፤ ታኅሣሥ 15 ቀን 1943 በካፒቴን ኤሊዮት ሴን አዛዥነት አገልግሎት ጀመረች። በአንድ ንድፍ ከተሠሩትና የባልቲሞር ክፍል ከሚባሉት መርከቦች አንዷ ስትሆን 205 ሜትር ትረዝማለች፤ መደበኛ ክብደቷ 13,600 ቶን ነው፤ ዘጠኝ ባለ 203 ሚሊ ሜትር መድፎች ነበሯት፤ ፍጥነቷም 33 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 61 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ጥያቄዬ ሁለት ነው፦ ከሠራቻቸው ሥራዎች ዋናው የትኛው ነው? ፕሬዚዳንቱስ ከባድ ክሩዘርን ለምን መረጡ?

በዚህ የመድረክ ውይይት ክር የመጡት ምላሾች ብዙ ስለሆኑና አንዳንዶቹም ስለሚደጋገሙ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች በየቁጥራቸው ፍሬ ነገራቸውን ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ።

ምላሾቹ

የ1ኛው ምላሽ ጸሐፊ በትሕትና አመስግኖ፣ ከባድ የሚለው ቅጽል የመርከቧን ክብደት የሚያመለክት እንደሆነ ጠየቀ። 2ኛው ምላሽ አጥጋቢ መልስ ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1922 የዋሽንግተን የባሕር ኃይል ስምምነት ክሩዘሮች ከ10,000 ቶን እንዳይበልጡ፣ መድፎቻቸውም ከ203 ሚሊ ሜትር እንዳይሰፉ ወስኖ ነበር። በ1930 የተፈረመው የለንደን ስምምነት ደግሞ ክሩዘሮችን በመድፋቸው ስፋት ለይቶ፣ ከ155 ሚሊ ሜትር በላይ መድፍ ያላቸውን በአንድ ወገን፣ የቀሩትን በሌላ ወገን መደባቸው። ስለዚህ ከባድነቱ የሚለካው በመድፉ ነው፤ ቀላል ተብለው በቶን ከከባዶቹ የማያንሱ ክሩዘሮችም ነበሩ። የባልቲሞር ክፍል መርከቦች ከ10,000 ቶን ያለፉት ጦርነቱ ሲጀመር የስምምነቶቹ ገደብ ዋጋ በማጣቱ ነው።

የክሩ ድምፅ መለወጥ የጀመረው በ3ኛው ምላሽ ነው። ጸሐፊው በሙሉ እምነት ኩዊንሲ እ.ኤ.አ. በ1942 በጃፓኖች መስጠሟን፣ ስለዚህም ንጉሠ ነገሥቱ በ1945 ሊሳፈሩባት እንደማይችሉ፣ ታሪኩም ፎቶግራፉም ሊመረመር እንደሚገባ ገለጸ። 4ኛው ምላሽ ሳይቆጣ አረመው። ሁለት ኩዊንሲዎች አሉ። የመጀመሪያዋ ነሐሴ 9 ቀን 1942 ሌሊት በፓስፊክ ካለችው የጓዳልካናል ደሴት አጠገብ፣ በሳቮ ደሴት ውጊያ ሰጠመች፤ ወደ 370 የሚጠጉ ሰዎቿ ሞቱ። በዚያው ውጊያ ቪንሴንስና አስቶሪያ የተባሉት የአሜሪካ ክሩዘሮች፣ እንዲሁም የአውስትራሊያዋ ካንቤራ ጠፍተዋል። በዚያን ጊዜ በማነጫው ውስጥ ሴንት ፖል ተብላ በመሠራት ላይ የነበረችው ክሩዘር በጥቅምት 1942 የሰጠመችውን መርከብ ስም ወረሰች። ሁለቱም የተሠሩት በዚያው በኩዊንሲ ከተማ በመሆኑ ስሙ ለማነጫው ሠራተኞች የቅርብ ነበር። ሴንት ፖል የሚለው ስም በኋላ ለሌላ የባልቲሞር ክፍል ክሩዘር ተሰጥቷል።

5ኛው ምላሽ ሌላ ስሕተት ይዞ መጣ። በ1937 ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ላይ ስለነበሩ በግብፅ ሊገኙ አይችሉም ሲል ተከራከረ። 6ኛው ምላሽ ትንሽ እየሸነቆጠ፣ ዓ.ም. ተብሎ በግልጽ የተጻፈው የእኛው ዘመን አቆጣጠር መሆኑን፣ የካቲት 6 ቀን 1937 በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945 እንደሚውል፣ ጃንሆይም ከዚያ አራት ዓመት ገደማ ቀድመው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መመለሳቸውን አስታወሰ። በእኛ መድረኮች ይህ የዘመን መደበላለቅ ስንት ክር እንዳበላሸ የሚያውቅ ያውቀዋል።

7ኛው ምላሽ በእኔ ግምት የክሩ ምርጥ ነው። ጸሐፊው የመርከብ መካኒክ ስለነበረ መድፎቹን ከውስጥ ያውቃቸዋል። ሦስት ሦስት መድፍ የያዙ ሦስት ተሽከርካሪ ማማዎች ሁለቱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ተተክለዋል። ጥይቱ ከመርከቧ ሆድ በማንሻ ይወጣል፤ ብረት የሚበሳው ዓይነት 152 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ጥይቱ በመግፊያ ወደ መድፉ ከገባ በኋላ ባሩዱ በሐር ከረጢት እንደተቋጠረ ይከተለዋል፤ ሐር የተመረጠው ሲቃጠል የሚጫር ፍም ስለማይተው ነው። ከተኩሱ በኋላም የኋላው መዝጊያ መከፈት ሲጀምር፣ ትርፍ እሳት ቀጣዩን ከረጢት እንዳያቀጣጥል የታመቀ አየር በመድፉ ውስጥ ይነፋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ አንዱ መድፍ በደቂቃ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይተኩሳል፤ ጥይቱም እስከ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1944 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ኩዊንሲ በኖርማንዲ ዩታ ከተባለው የማረፊያ ዳርቻ ፊት ለፊት፣ በቀኝ ክንፍ ሆና በጀርመን የጠረፍ መድፎች ላይ የተኮሰችው በዚህ አኳኋን ነበር፤ ወታደሮቹ ወደ ምድር የወረዱት ከዚያ አንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ጸሐፊው ያሰመረበት ነገር፣ በማማው ውስጥ ያለው ሰው የሚተኩስበትን እንደማያይ ነው። አቅጣጫና ከፍታ ከሌላ ክፍል ይነገረዋል፤ እሱ ጥይት ያጎርሳል፣ መዝጊያ ይዘጋል፣ ይጠብቃል።

8ኛው ምላሽ ታዲያ ማን ያያል የሚለውን መለሰ። ክሩዘሮች ለተኩስ ጠቋሚነት በውኃ ላይ የሚያርፉ ትንንሽ አውሮፕላኖች ይይዙ ነበር። በኖርማንዲ ሰማይ ላይ ግን እነዚህ ዘገምተኛ አውሮፕላኖች ለጀርመን ተዋጊዎች ቀላል ሲሳይ ይሆኑ ስለነበር፣ የክሩዘሮቹና የታላላቆቹ የጦር መርከቦች አብራሪዎች በእንግሊዝ አገር ስፒትፋየር የተባለውን ፈጣን ተዋጊ አውሮፕላን ማብረር ተምረው፣ ከላይ ሆነው የጥይቱን መውደቂያ በሬዲዮ ይነግሩ ነበር። ከኩዊንሲ የሄዱ አብራሪዎችም በዚያ ጓድ ውስጥ ነበሩ። ይህን ከዚህ በፊት በአማርኛ ተጽፎ አላየሁም።

9ኛው ምላሽ ምስጋና ብቻ ነው። 10ኛው ምላሽ ታሪኩን ወደፊት ወስዶ፣ ሰኔ 25 ቀን የፈረንሳይን ወደብ ሸርቡርን የደበደበው ጓድ አባል እንደነበረች፣ በሐምሌ ወደ ሜዲትራኒያን እንደተሻገረች፣ ከነሐሴ 15 ቀን ጀምሮ በደቡብ ፈረንሳይ የተካሄደውን ማረፍ በመድፍ እንደደገፈችና በቱሎን ዙሪያ ከነበሩት ከባድ የጠረፍ መድፎች ጋር እንደተታኮሰች ዘረዘረ። ከዚያ የክሩን መንፈስ የቀየረ አንድ አስተያየት ጣል አደረገ፦ ይህች መርከብ የታቀደችው ሌሎች ክሩዘሮችን ለመውጋት ነው፤ በአገልግሎት ዘመኗ ሁሉ ግን ከጠላት ክሩዘር ጋር ፊት ለፊት ተዋግታ አታውቅም፤ ብረት በሳሽ ጥይት ታጥቃ የተኮሰችው በምድር ላይ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄዬ ከዚህ የተሻለ መልስ አልመጣም።

11ኛው ምላሽ ሁለተኛውን ጥያቄ አነሣ። ሩዝቬልት በከባድ ክሩዘር መጓዝ የቆየ ልማዳቸው ነበር። በ1934 በሂዩስተን ወደ ሃዋይ፣ በ1936 በኢንዲያናፖሊስ ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄደዋል። በነሐሴ 1941 ከቸርችል ጋር በኒውፋውንድላንድ ጠረፍ የተገናኙት በኦገስታ ላይ ነው። በሐምሌ 1944 ደግሞ የኩዊንሲ እህት በሆነችው በባልቲሞር ወደ ፐርል ሃርበር ተጉዘዋል። ከባድ ክሩዘር ፈጣን ነው፤ ራሱን ለመከላከል የሚበቃ መሣሪያ አለው፤ ለአድሚራል የተዘጋጀ ሰፊ መኖሪያም ይገኝበታል። ኩዊንሲም ለጉዞው በቦስተን ተዘጋጅታለች። ጸሐፊው ከዚህ ልማድ ውጭ የሆነውን የ1943ቱን ጉዞ፣ ማለትም ፕሬዚዳንቱ በታላቋ የጦር መርከብ በአዮዋ መሄዳቸውን ሳይሸሽግ ጠቅሷል።

አዮዋን መጥቀሱ ግን ክሩን ከመንገድ አወጣው። 12ኛው ምላሽ፣ በዚያ ጉዞ ላይ አጃቢዋ ዲስትሮየር (ከክሩዘር የምታንስ ፈጣን የጦር መርከብ) ዊልያም ዲ. ፖርተር በልምምድ መካከል በስሕተት እውነተኛ ቶርፒዶ ወደ ፕሬዚዳንቱ መርከብ መልቀቋን በረጅሙ ተረከ። ጥሩ ተረኪ ነው፤ ነገር ግን ሦስት አንቀጽ ጻፈበት። በ13ኛው ምላሽ አወያዩ ወደ ኩዊንሲ እንድንመለስ አሳሰበ።

14ኛው ምላሽ የተጻፈው አንቱ ሊባሉ በሚገባቸው ሰው ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡትም ጋሼ እያሉ ነው የመለሱላቸው። እሳቸው ጉዞውን በቅደም ተከተል አስቀመጡት። ኩዊንሲ ጥር 23 ቀን 1945 ፕሬዚዳንቱን ይዛ ከቨርጂኒያ ጠረፍ ተነሣች፤ የካቲት 2 ቀን ማልታ ደረሰች። ፕሬዚዳንቱ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ ያልታ ጉባኤ ሲሄዱ መርከቧ ወደ ሱዌዝ ቦይ አመራች፤ የካቲት 12 ቀን በመራራ ሐይቅ ተቀበለቻቸው። በማግሥቱ በመጀመሪያ ንጉሥ ፋሩቅ፣ ከዚያም ጃንሆይ ቀረቡ፤ ቀጥሎ ባለው ቀን የሳዑዲው ንጉሥ አብዱል ዓዚዝ መጡ። ጃንሆይ ከአዲስ አበባ የተነሡት በአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላን፣ በምስጢር ነበር። በታኅሣሥ 1944 በተፈረመው ስምምነት ኦጋዴን ገና በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ነበረና፣ በውይይቱ የኦጋዴን፣ የባሕር በር፣ የኤርትራና የጅቡቲው የምድር ባቡር ጉዳይ ተነሣ። ፕሬዚዳንቱ አራት ወታደራዊ የቅኝት መኪናዎች ሰጡ፤ ፋሩቅ የተሰጣቸው አውሮፕላን ነበር። ቸርችልም ወዲያው ካይሮ ደርሰው ጃንሆይን ለብቻ አነጋገሩ። ጋሼ ይህን ሁሉ ከጻፉ በኋላ፣ የስጦታውን መበላለጥ እንደ ንቀት ለሚቆጥሩ ወጣቶች፣ በዚያን ጊዜ መንግሥቱን ያስጨነቀው የስጦታው ዋጋ ሳይሆን ከእንግሊዝ ሞግዚትነት የሚላቀቅበት መንገድ እንደነበረ በአጭሩ አስገንዝበዋል።

15ኛው ምላሽ ከዚህ ተነሥቶ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር የተዋሐደችው በኩዊንሲ ላይ በተደረገ ውል ነው አለ። 16ኛው ምላሽ በብርቱ ቃል ተቃወመ። በመርከቧ ላይ የተፈረመ ውል የለም፤ ሩዝቬልት ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1945 አረፉ፤ ፌዴሬሽኑን የወሰነው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ነው፣ ያውም ታኅሣሥ 2 ቀን 1950። በመካከል አራቱ ኃያላን ሳይስማሙ ቀርተው ጉዳዩ ለጉባኤው ተላልፏል፤ አጣሪ ኮሚሽንም ተልኳል። 17ኛው ምላሽ የ15ኛው ጸሐፊ ነው፤ ማስረጃ ሳይጨምር 16ኛውን በአገር ጠላትነት ወነጀለ። አወያዩ የምላሹን ግማሽ ሰርዞታል፤ በእኔ አስተያየት ሙሉውን ቢሰርዘው ምንም አይጎድልብንም ነበር።

18ኛው ምላሽ ስለ ሳዑዲው ንጉሥ ነው። ንጉሡን ከጅዳ ያመጣችው መርፊ የተባለች ዲስትሮየር ነበረች፤ በመርከቧ ላይ ድንኳን ተተከለላቸው፣ በጉም ተጭኖ በዚያው ይታረድ ነበር። ሩዝቬልት የንጉሡን የእግር ሕመም አይተው ከሁለቱ ተሽከርካሪ ወንበሮቻቸው አንዱን ሰጧቸው። ለሃይማኖታቸው ክብር ሲሉም በፊታቸው አላጨሱም። ጸሐፊው በመጨረሻ፣ ነዳጅ በጥበቃ የተለወጠበት ዝነኛው የኩዊንሲ ውል የተፈረመው በዚያን ቀን ነው ሲል ደመደመ። 19ኛው ምላሽ ታሪኩን አድንቆ መደምደሚያውን አልተቀበለም፦ የንግግሩ ማስታወሻ በዋናነት የሚያወራው ስለ ፍልስጤምና ስለ አይሁድ ስደተኞች ሲሆን፣ ሩዝቬልትም ሚያዝያ 5 ቀን 1945 በጻፉት ደብዳቤ ያጸኑት በዚያ ጉዳይ የሰጡትን ቃል ነው። የአሜሪካ ኩባንያዎች የሳዑዲ የነዳጅ ፈቃድ ያገኙት ደግሞ ቀደም ብሎ፣ በ1933 ነው።

20ኛው ምላሽ ወደ ፓስፊክ ወሰደን። መርከቧ ፕሬዚዳንቱን የካቲት 27 ቀን ወደ አገራቸው መለሰች፤ በመንገድ ላይ ረዳታቸው ጄኔራል ኤድዊን ዋትሰን በመርከቧ ውስጥ አርፈዋል። በመጋቢት መጀመሪያ ወደ ፓስፊክ ተነሥታ ሚያዝያ 11 ቀን በዚያው በፓስፊክ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መናኸሪያ ወደ ነበረው ኡሊቲ ደረሰች፤ የፕሬዚዳንቱን ሞት ባሕርተኞቿ የሰሙት እዚያ በደረሱ ማግሥት ገደማ ነው። በኦኪናዋ ዘመቻ ሥራዋ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦችን ከአየር ጥቃት መጠበቅ ነበር። በሰኔ 5ቱ አውሎ ነፋስ እህቷ ፒትስበርግ የፊት አካሏን በሙሉ ተነጥቃለች፤ ኩዊንሲ ግን ማዕበሉን በደኅና አለፈችው። ሐምሌ 14 ቀን በካማይሺ የብረት ፋብሪካ ላይ የተኮሰው ጓድ አባል ነበረች፤ የጃፓን ዋና ምድር በዚያ ጦርነት ከአሜሪካ የጦር መርከቦች መድፍ ሲተኮስበት የመጀመሪያው ነው። ነሐሴ 9 ቀንም ተደገመ። መስከረም 1 ቀን ቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ ገባች፤ በማግሥቱ ጃፓን እጅ ስትሰጥም በዚያው ነበረች።

21ኛው ምላሽ በካማይሺ ላይ የወደቀው ጥይት ፋብሪካውን ብቻ እንዳልመታ፣ የከተማው ሰዎችና በዚያ በጉልበት ሥራ ላይ የነበሩ የኅብረቱ አገሮች ምርኮኞችም እንደሞቱ አስታወሰ። ጸሐፊዋ ማንንም አልከሰሰችም፤ 7ኛው ምላሽ ላይ የተባለውን፣ በማማው ውስጥ ያለው ሰው የሚተኩስበትን አያይም የሚለውን ብቻ አመለከተች። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለት ምላሾች ስለ ሌላ ነገር ቢያወሩም ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

በ22ኛው ምላሽ ጋሼ ተመልሰው፣ ኩዊንሲ በኮሪያ ዘመቻ ለቃኘው ሻለቃ በመድፍ ድጋፍ ሰጥታለች ሲባል ከአንድ ዘማች መስማታቸውን ጻፉ። 23ኛው ምላሽ አክብሮቱን ሳያጓድል አስተካከለ። መርከቧ በጥቅምት 1946 ከአገልግሎት ወጥታ ጥር 31 ቀን 1952 ተመልሳለች። በኮሪያ ያገለገለችው ግን ከሐምሌ 25 ቀን እስከ ታኅሣሥ 1 ቀን 1953 ነው፤ የተኩስ አቁሙ የተፈረመው ሐምሌ 27 ቀን ስለሆነ ለውጊያ የቀራት ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ቃኘው ደግሞ ከ7ኛው የአሜሪካ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር በማዕከላዊው ግንባር፣ ከባሕሩ ርቆ በተራራማ አገር ስለተዋጋ፣ በ7ኛው ምላሽ የተጠቀሰው 27 ኪሎ ሜትር አይደርስለትም። ዘማቹ የሰሙት የምድር መድፍ ሊሆን እንደሚችልም ጨመረ። ጋሼ በ24ኛው ምላሽ አመስግነው ተቀበሉ፤ 15ኛውና 17ኛው ይህን ቢያነቡ መልካም ነበር።

25ኛው ምላሽ መርከቧ ዛሬ በማሳቹሴትስ ሙዚየም ናት አለ። 26ኛው ምላሽ፣ እዚያ ያለችው ሳሌም እንደሆነች፣ እሷም በዚያው ከተማ የተሠራች ነገር ግን ከባልቲሞር በኋላ የመጣው የዴሞይን ክፍል ከባድ ክሩዘር መሆኗን ገለጸ። 27ኛው ምላሽ ከዚህ ወደ ምፅዋ ዘሎ፣ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ባንዲራ መርከብም ክሩዘር ነበረች ሲል፣ የቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረባ የሆኑ ሰው በ28ኛው ምላሽ ቆጣ ብለው መለሱለት። ኢትዮጵያ የተባለችው መርከብ ኦርካ ተብላ በአሜሪካ የተሠራች፣ 95 ሜትር የምትረዝም የባሕር አውሮፕላን ረዳት መርከብ ነበረች፤ በ1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠች፤ በ1991 ወደ የመን ሄደች። ክሩዘር የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ይለያታል ብለው፣ ስለ ምፅዋ የባሕር ኃይል ቀን በዓል ሊቀጥሉ ሲሉ አወያዩ ሌላ ክር እንዲከፍቱ ጠየቃቸው፤ ከፍተዋልም።

29ኛው ምላሽ ኩዊንሲ የተፈረሰችው በ1974፣ ጃንሆይ ከሥልጣን በወረዱበት ዓመት መሆኑን ጠቅሶ ምልክት ነው አለ። 30ኛው ምላሽ ምልክት ፈላጊውን በቀን ብቻ መለሰለት፦ መርከቧ ለመጨረሻ ጊዜ ከአገልግሎት የወጣችው ሐምሌ 2 ቀን 1954 በብሬመርተን ነው፤ ከባሕር ኃይሉ መዝገብ የተሰረዘችው ጥቅምት 1 ቀን 1973 ነው፤ ከዚያ በኋላ የቀረው በኦሬገን ግዛት በፖርትላንድ የብረት ቆራጮች ሥራ ነበር። 31ኛው ምላሽ ስለ ሳቮ ውጊያ ጠይቋል፤ ያ ስለ መጀመሪያዋ ኩዊንሲ ስለሆነ ለብቻው ክር ተከፍቶለታል።